የመናገር ነፃነት እስከ ምን ድረስ ነው?

(ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ቆሼ)

ባለፈው የትምህርት ዓመት በክርክር ክበባችን «ሃይማኖትን የሚያስቀይም ንግግር በሕግ ሊከለከል ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚል ርእስ ቀርቦ ነበር። ወገን የሚለየው በዕጣ ስለሆነ ለእኔ የደረሰኝ «ይገባል» የሚለው ክፍል ነው። እውነቱን ለመናገር ዕጣ ባይኖርም በራሴ ፈቃድ የምመርጠው ይህንኑ ነበር። እሳት የሚነሣው ከክፉ ቃል ነው፤ እንግዲያው ክፉ ቃል ቢከለከል እሳቱም አይነሣም ብዬ አምን ነበርና። ለክርክሩ ስዘጋጅ ግን ነገሩን እንዳሰብሁት ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም። ያነበብሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆች ለማካፈል ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

የየትኛው ሃይማኖት ተከታይ እንደሆንሁ አልጽፍም። የሚያውቀኝ ያውቀዋል። የማያውቀኝ አንባቢ ግን አስቀድሞ እርሱን ከተረዳ፣ ከዚህ በኋላ የማቀርበውን እያንዳንዱን ታሪክ «ለወገኑ አደላ፣ አላደላ» እያለ ሲመዝን ዋናው ነገር እንዳያመልጠው እሠጋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ አንድ ቃል ልናገር። በየቀኑ የምንሰማው «አክራሪ» የሚለው ቃል «ክር» ከሚለው ቃል ጋር ዝምድና አለው። ማክረር ማለት ክርን አጥብቆ መጠምዘዝ ነው። እንዝርት የያዙ እናቶቻችን እንደሚያውቁት ክር ካልከረረ አይሸመንም፤ ከልክ በላይ ከከረረ ግን ይበጠሳል። ስለዚህ ሃይማኖትን ማጥበቅ በራሱ ጥፋት አይደለም። በዋሻ ተዘግቶ ጥሬ ቆርጥሞ የሚኖር መነኩሴ፣ በረመዳን ሌሊቱን ሙሉ ሲሰግድ የሚያድር ሽማግሌ፣ ወይም ዘፈን ባለበት ሠርግ አልቀመጥም የሚል የወንጌል አማኝ፣ ሁሉም በራሳቸው ላይ ያከርራሉ፤ ማንንም ግን አልጎዱም። ጉዳቱ የሚጀምረው አንድ ሰው «እኔ ያመንሁትን አንተም ካላመንህ፣ እኔ የማልናገረውን አንተም ከተናገርህ በሕይወት ልትኖር አይገባም» ያለ ዕለት ነው። ይህን ልዩነት ሳይለዩ ቃሉን በሰው ላይ የሚለጥፉ ብዙዎች ናቸው፤ በዚህም የተነሣ የደረሰውን በደል ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመናገር ነፃነት ከባሕር ማዶ የመጣ ሐሳብ ነው፣ ለእኛ አገር አይስማማም የሚሉ አሉ። እኔም በክርክሩ ላይ ይህን ልናገር አስቤ ነበር። ይሁንና የታሪክ መምህራችን «ይህን ከመናገርህ በፊት የነጃሺን ችሎት አንብብ» አሉኝ፤ አንብቤም ሐሳቤን ተውሁት።

ታሪኩ እንደሚከተለው ነው። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በመካ መከራ በጸናባቸው ጊዜ፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም መንግሥት ተሰደዱ። ኢብን ኢስሐቅና ሌሎችም የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የመካ ቁረይሾች እነዚህን ስደተኞች ለማስመለስ ሁለት መልእክተኞች ከብዙ ገጸ በረከት ጋር ላኩ። መልእክተኞቹ አስቀድመው ለሹማምንቱ ስጦታ አድለው ነበርና ሹማምንቱ «ይመለሱላቸው» ብለው መከሩ። ንጉሡ ግን «ሰዎቹን ራሳቸውን ሳልሰማ አሳልፌ አልሰጥም» አለ። በስደተኞቹ ፈንታ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ቀርቦ ስለ መርየም ከሚናገረው የቁርአን ክፍል አነበበ፤ ንጉሡም ሲሰማ አለቀሰ ይባላል።

በማግሥቱ ከመልእክተኞቹ አንዱ፣ ዐምር ኢብን አል-ዓስ፣ ተመልሶ ገባ። «ንጉሥ ሆይ፤ እነዚህ ሰዎች ስለ ኢየሱስ ከባድ ነገር ይናገራሉ» አለ። አንባቢዎቼ ይህን ቦታ ልብ ብለው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። ሰውየው የክርስቲያኑን ንጉሥ ሃይማኖታዊ ቍጣ ቀስቅሶ በስደተኞቹ ላይ ሊያዘምተው ነው የፈለገው። ንጉሡ አሁንም ጃዕፈርን አስጠርቶ ጠየቀው። ጃዕፈርም ሳይደብቅ፣ ኢየሱስ የአላህ አገልጋይና መልእክተኛ፣ ወደ መርየም የተላከ ቃሉም ነው ብለን እናምናለን ብሎ መለሰ። ይህ የንጉሡ ጳጳሳት የሚያስተምሩት አልነበረም፤ እነርሱም አጉረመረሙ ይላል ታሪኩ። ንጉሡ ግን ስደተኞቹ በአገሩ በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደ፤ የመልእክተኞቹንም ስጦታ አስመለሰላቸው።

ይህን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ዘወትር የሚነገረን ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ነው። እኔ አሁን ሳነበው ግን ከእንግዳ ተቀባይነቱ ይልቅ የገረመኝ አጠያየቁ ነው። ንጉሡ የሰማውን ወሬ ይዞ አልፈረደም፤ ተናገረ የተባለውን ሰው «አንተ ራስህ ተናገር» አለው። የሰማውም ነገር ከእምነቱ ጋር የማይስማማ ሆኖ ሳለ ሰይፍ አልመዘዘም።

በዚያው አገር ከ800 ዓመታት በኋላ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ.) ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት ነበሩ። የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ናቸው። ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል፣ ለንጉሡም አንሰግድም፣ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው አሉ። ስለዚህም ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ምላሳቸውና አፍንጫቸው ተቈረጠ፣ በድንጋይም ተወገሩ። ገድላቸውን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ ተርጕመውታል። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ያልተማሩ ንጉሥ አልነበሩም። መጽሐፈ ብርሃንን የመሰለ ድርሰት ያላቸው ሊቅ ናቸው። «ሁከት የሚመጣው ካለመማር ነው» የሚለውን የተለመደ አባባል በክርክር ወረቀቴ ላይ ጽፌው ነበር፤ ይህን ካነበብሁ በኋላ ሰረዝሁት።

ወደ ዘመናችን ልምጣ። ከአዲስ አበባ በወልቂጤ በኩል ግቤን ተሻግሮ ወደ ጅማ የሚሄድ መንገደኛ ጅማ ከመድረሱ በፊት አሰንዳቦ የምትባል ከተማ ያገኛል። በየካቲት ወር 2003 ዓ.ም. በዚያች ከተማ «አንድ ክርስቲያን ቁርአን ቀደደ» የሚል ወሬ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት በአሰንዳቦና በአካባቢዋ ከ50 የሚበልጡ የወንጌላውያን አማኞች የጸሎት ቤቶች ተቃጠሉ፤ ሰው ሞተ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ቤታቸውን ጥለው ሸሹ።

እንበልና አንድ ሰው በእርግጥ ቅዱሱን መጽሐፍ ቀዶት ቢሆንስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 492 ለሃይማኖት ሥርዓት የሚያገለግልን ነገር በአደባባይ ያረከሰ ሰው እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ስለዚህ አጥፊውን ወደ ዳኛ ማቅረብ ይቻል ነበር። 50 የጸሎት ቤቶች ግን ቁርአን አልቀደዱም። ጣራቸው የተቃጠለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ስለ ወሬው የሰሙት እሳቱን ባዩ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህ ያለው ነገር የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በሞጣ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ላይ የእሳት አደጋ ደረሰ የሚል ወሬ ከተሰማ በኋላ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ተዘረፉ። ከተማውና ሃይማኖቱ ተለወጠ እንጂ መንገዱ አልተለወጠም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚነካን ግን በ2014 ዓ.ም. የሆነው ነው፤ ወደ ደጃችን የደረሰ ነውና። ሚያዝያ 18 ቀን፣ የፋሲካ በዓል በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ በረመዳንም ጾም መጨረሻ ላይ፣ በጎንደር ከተማ የታወቁት ሽማግሌ የሼህ ከማል ለጋስ የቀብር ሥነ ሥርዓት ይፈጸም ነበር። መካነ መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ይዋሰናል። እንደተነገረው ጠቡ የተነሣው ለቀብሩ በሚነሣ ድንጋይ ነው። ከድንጋይ ተነሥቶ ወደ ተኩስ ደረሰ። ሚያዝያ 20 ቀን ደግሞ ከጎንደር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው፣ ከቡታጅራ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወራቤ ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ሚሼል ባሽሌ በዚያው ሰሞን ባወጡት መግለጫ፣ በጠቅላላው ቢያንስ 30 ሰዎች እንደሞቱና ከ100 በላይ እንደቆሰሉ፣ በጎንደር ሁለት መስጊዶች እንደተቃጠሉና ሌሎች ሁለት እንደተጎዱ፣ በስልጤ ዞን ደግሞ ሦስት ሰዎች እንደተገደሉና አምስት አብያተ ክርስቲያናት እንደተቃጠሉ ከደረሳቸው ዘገባ ጠቅሰው አስታውቀዋል።

በጎንደር ድንጋይ ያነሣ ሰው በወራቤ አልነበረም። በወራቤ የተገደሉት ሰዎች በጎንደር ቀብር ላይ ያደረጉት ነገር የለም። እነዚህን ሁለት ከተሞች በሁለት ቀን ውስጥ ያገናኛቸው ወሬና በስልክ የሚሄድ ሥዕል ነው። ይህንንም በመጽሐፍ አንብቤ አይደለም የማውቀው።

በዚያ ሳምንት ዕድሜዬ 14 ዓመት ነበር። የራሴ ስልክ ስላልነበረኝ በታላቅ ወንድሜ ስልክ እጠቀም ነበር። ሐሙስ ማታ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ፎቶግራፍ ላከልኝ። የሚቃጠል የጸሎት ቤትና ደጃፉ ላይ የወደቀ ሰው ይታያል። ከሥሩ «ዛሬ የተፈጸመ፤ ዝም አትበሉ፤ አስተላልፉ» ይላል። የማን ጸሎት ቤት እንደሆነ እዚህ አልናገርም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ለዘጠኝ ልጆች አስተላለፍሁት። መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም የሚያስለቅስ ደስታ ዐይነት ነገር ተሰማኝ። ከዘጠኙ አንዱ ወዲያው «ታዲያ እኛስ ምን እንጠብቃለን?» ብሎ ጻፈልኝ። አልመለስሁለትም። ነገር ግን «ተው» ብዬም አልጻፍሁለትም።

አባቴ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። የማረቆን በርበሬ የሚያውቅ ሰው አገዛዙንም ያውቃል፤ ከላይ የደረቀ፣ ከሥር እርጥቡ የተደበቀበት ጆንያ በገበያ አይጠፋም፤ እርጥብ ሚዛን ይደፋልና። ስለዚህ ገዥ ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ ከሥር ያለውን ዘግኖ ካላየ አይከፍልም። ፎቶግራፉን ባሳየኋቸው ጊዜ አባቴ ብዙም አልተመለከቱት።

«አንተ ራስህ አይተሃል?» አሉኝ።

«አላየሁም፤ ፎቶው ግን ይኸው ነው።»

«የላከልህ ልጅ አይቷል?»

«እርሱም ተልኮለት ነው።»

«ለእርሱ የላከለትስ?»

ዝም አልሁ።

«እንግዲያው ጆንያውን ሳትፈትሽ ነው የሸጥኸው» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከሁለት ቀን በኋላ ወንድሜ ያንኑ ፎቶግራፍ በሌላ አገር፣ ከብዙ ዓመት በፊት ተነሥቶ አገኘው። በወራቤ ቤተ ክርስቲያን መቃጠሉ፣ በጎንደርም መስጊድ መቃጠሉ እውነት ነው፤ የኔ ፎቶግራፍ ግን የሁለቱም አልነበረም። በእውነተኛ ኀዘን ላይ የውሸት እሳት ጨምሬበታለሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጨረፍታ ላንሣ፤ ያለዚያ የአካባቢያችን አንባቢ ይታዘበኛል። ከ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በመስቃንና በማረቆ መካከል ብዙ ሕይወት ያጠፋው ግጭት የሃይማኖት አልነበረም። የአስተዳደር ወሰንና የብሔር ጥያቄ ነበር፤ በሁለቱም ወገን ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበረበት። ስለዚህ ሃይማኖት ባይኖር ሰላም ይሆን ነበር የሚለውን ሐሳብ በቆሼ ያደገ ልጅ በቀላሉ አይቀበለውም።

አሁን ስለ ፈረንሳይ አገሩ መምህር ልናገር፤ ነገሩ በተማሪ የተጀመረ ስለሆነ እኛን ይመለከታል። ሳሙኤል ፓቲ ይባላሉ፤ ከፓሪስ አቅራቢያ ባለ ትምህርት ቤት የታሪክና የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። በጥቅምት ወር 2020 እ.ኤ.አ. ስለ መናገር ነፃነት ሲያስተምሩ ቻርሊ ኤብዶ የተባለው ጋዜጣ ስለ ነቢዩ ሙሐመድ ያወጣቸውን የፌዝ ሥዕሎች በክፍል ውስጥ አሳዩ፤ ማየት የማይፈልግ ተማሪ እንዳያይ ፈቅደው ነበር። የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ራሱ በ2015 እ.ኤ.አ. በታጣቂዎች ተጠቅቶ በዚያው ቀን 12 ሰዎች ተገድለዋል። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ መምህሩ ሙስሊም ተማሪዎችን ለይተው ከክፍል አስወጡ ብላ ለአባቷ ነገረች። አባቷም ይህን በኢንተርኔት አሠራጨ። መምህሩን በሕይወቱ አይቶ የማያውቅ የ18 ዓመት ወጣት ከሌላ ከተማ ተነሥቶ መጣ፤ «የትኛው ነው?» ብሎ ተማሪዎችን ጠየቀና ጥቅምት 16 ቀን እ.ኤ.አ. በመንገድ ላይ አንገታቸውን ቈረጠ። በኋላ እንደታወቀው ልጅቷ በዚያ ትምህርት ሰዓት በክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። በ2023 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት በሐሰት ውንጀላ ጥፋተኛ አድርጓታል።

እኔ መምህር ብሆን እነዚያን ሥዕሎች በክፍል ውስጥ አላሳይም ነበር። ለሚያምን ሰው ምን ያህል እንደሚያም ስለማውቅ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የአስተማሪ ጨዋነት ጉዳይ ነው፤ በአንገት የሚከፈል ዕዳ አይደለም። ገዳዩ የኔ እኩያ መሆኑንም መርሳት አልቻልሁም። እርሱም አላየም፤ የነገረውም አላየም፤ ለነገረው የነገረችውም አላየችም። አባቴ የጠየቁኝን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን ልመለስ። የእኔ ወገን ዋና ሐሳብ «ስድብ ከጅራፍ ይልቅ ያማል፤ ጅራፍ በሕግ ከተከለከለ ስድብም ይከልከል» የሚል ነበር። ይህን ሐሳብ ዛሬም አልንቀውም። እናቱን የሰደቡበት ሰው እንዴት እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ ሃይማኖት ደግሞ ከእናት ይበልጣል። ከተቃራኒው ወገን የነበረች አንዲት ተማሪ ግን ተነሥታ ለመመለስ የተቸገርሁበትን ነገር ተናገረች። እንዲህ አለች፤ «በቆሼ መስጊድ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የወንጌላውያን ጸሎት ቤትም አለ። በአንዱ ኢየሱስ አምላክ ነው ተብሎ ይሰበካል፤ ይህ ለሌላው ክሕደት ነው። በሌላው አምላክ አይደለም ይባላል፤ ይህም ለቀሪዎቹ ክሕደት ነው። በሦስተኛው የማርያምና የቅዱሳን አማላጅነት የለም ይባላል፤ ይህም የሚያስቀይመው ብዙ ነው። የሚያስቀይም ንግግር ሁሉ ይከልከል ካላችሁ በመጪው ሳምንት ሦስቱንም ዝጉልንና እንያችሁ።» አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ትክክል መሆኗ ገብቶኝ ነበርና።

ታዲያ ወሰኑ የት ላይ ነው? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 27 የሃይማኖትና የእምነት፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይሰጣል። በዚሁ በአንቀጽ 29 ላይ፣ ይህ ነፃነት በሐሳቡ ይዘት ወይም ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ምክንያት እንደማይገደብ ይናገራል፤ የጦርነት ቅስቀሳና የሰውን ክብር የሚነካ የአደባባይ መግለጫ ግን በሕግ እንደሚከለከል ያክላል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል አዋጅ ቍጥር 1185 ወጣ። በዚህ አዋጅ የጥላቻ ንግግር የሚባለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሰው ላይ ሆነ ተብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግር ነው። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ግን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። የትምህርት ጥናት፣ ዜና፣ ኪነ ጥበብና የሃይማኖት ትምህርት ከክልከላው ውጭ ናቸው።

ይህን የመጨረሻውን ሳነብ ሁለት ሐሳብ መጣብኝ። በአንድ በኩል ተማሪዋ ላነሣችው ጥያቄ መልስ ነው፤ ሦስቱም የጸሎት ቤቶች ሳይዘጉ ይኖራሉ። በሌላ በኩል ድምፅ ማጉያ ይዞ «እነዚያን ከመካከላችሁ አጥፉ» የሚል ሰው «ሃይማኖት እያስተማርሁ ነው» ቢል ምን ይባላል? እንደኔ አስተያየት «እነርሱ የሚያምኑት ስሕተት ነው» የሚለው ትምህርት ነው፤ ቢጎረብጥም መታገሥ ይገባል። «ቤታቸውን እናቃጥል» የሚለው ግን በየትኛውም ቅዱስ መጽሐፍ ተጠቅልሎ ቢመጣ ትምህርት ሊባል አይችልም። አንደኛው የሚናገረው ስለ እምነት ነው፤ ሁለተኛው የሚናገረው ስለ ሰዎች ነው፤ አድራሻም አለው።

በመካከል ያለው ስድብና ፌዝ ነው ያስቸገረኝ። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 816 በአደባባይ በሃይማኖት ላይ የተሳለቀን ሰው በገንዘብ ወይም ከአንድ ወር በማይበልጥ እስራት ይቀጣል፤ በደንብ መተላለፍ ነው የመደበው። ቅጣቱ ትንሽ መሆኑ መልካም ነው እላለሁ። እንዲያውም ለተሳዳቢ ከሁሉ የሚከብደው ቅጣት የሚሰማው ሰው ማጣት ይመስለኛል። አንዳንድ ጓደኞቼ ግን በዚህ አይስማሙም።

ሕጉ ይጥበቅ ለሚሉት የማቀርበው ሌላ ነገር አለ። ከላይ «አክራሪ» የሚለው ቃል ስላደረሰው በደል እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሙስሊሞች መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ አይግባ፣ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት መሪዎችን ራሳችን እንምረጥ እያሉ በየጁምዓው ከስግደት በኋላ በሰላም ድምፃቸውን ያሰሙ ነበር። «ድምፃችን ይሰማ» የሚለው መፈክራቸው ስማቸው ሆኖ ቀረ። እንዲወክሏቸው ከመረጧቸው ሰዎች መካከል አያሌዎቹ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ታስረው፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በፀረ ሽብርተኝነት ሕግ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በኋላ ተፈትተዋል፤ ያ አዋጅም በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። እነዚህ ሰዎች የማንንም ቤት አላቃጠሉም። «አክራሪ» መባላቸው ግን ለማሰር በቂ ሆነ። እንግዲህ ንግግርን የሚከለክል ሕግ ሲወጣ ስለ አሰንዳቦው አቃጣይ ብቻ ሳይሆን ስለ እነርሱም ማሰብ ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ይሰጠን ብለው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ አደረጉ፤ ከእነርሱ ጋር የተሰለፉ ክርስቲያኖችም ነበሩ። በዚያን ጊዜ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት ስለነበረች ጥያቄው ያስቀየማቸው ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። የሚያስቀይም ንግግር ሁሉ የሚከለከል ቢሆን ኖሮ ያ ሰልፍ አይፈቀድም ነበር። በዚያው ዓመት አብዮቱ ከመጣ በኋላ የሙስሊም በዓላት በአገር ደረጃ መከበር ጀመሩ። ዛሬ ዒድ ሲሆን ትምህርት ቤታችን ይዘጋል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተኝቶ ያረፍዳል። ከእኛ መካከል ይህ በንግግር የተገኘ መሆኑን የሚያውቅ ስንቱ ነው?

የክርክሩን ውጤት ለማወቅ ለምትፈልጉ፣ የእኔ ወገን በሁለት ነጥብ አሸነፈ። ዳኞቹ ማስረጃ አቀራረባችን የተሻለ ነው አሉ። በእጄ ያለውን ወረቀት እስከ መጨረሻው አነበብሁት፤ ሐሳቡን ግን ከመካከል ጀምሮ አላምንበትም ነበር። ያችን ተማሪ ከአዳራሹ ስንወጣ አግኝቼ ይህንኑ ነገርኋት። «በመድረኩ ላይ ብትናገረው ይሻል ነበር» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የታላቅ ወንድሜን ስልክ ተቀብዬ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ያንን ፎቶግራፍ የላክሁላቸውን ዘጠኝ ልጆች አንድ በአንድ ፈለግሁ። ሁለቱ ስልካቸውን ለውጠዋል። አንዲት ልጅ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ዝዋይ ሄዳለች፤ በዘመዷ በኩል አስነገርኋት። ለአምስቱ በአካል ተናገርሁ፤ ሦስቱ ፎቶግራፉን ጨርሶ ረስተውታል፤ ሁለቱ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ እውነት ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ አንደኛውም ለአጎቱ ልጆች ሁሉ ልኮት እንደነበር ነገረኝ።

የቀረው «ታዲያ እኛስ ምን እንጠብቃለን?» ብሎ የጻፈልኝ ልጅ ነው። አሁን ከአባቱ ጋር በእህል መጋዘን ይሠራል። በገበያ ቀን ሄጄ ጆንያ ሲያራግፍ አገኘሁትና ነገርሁት። ሳቀ። «እኔ እንዲህ ብዬ ጽፌ አላውቅም» አለ። መልእክቱን አውጥቼ አሳየሁት። ላቡን በክንዱ ጠርጎ ሁለት ጊዜ አነበበውና ስልኩን መለሰልኝ። «አጥፋው በቃ» አለኝ። አላጠፋሁትም።